በራስ ሥራ ለሚተዳደሩ፦ ስለ ታክስ ቁጥርና ገቢ ማሳወቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኡበርና ሊፍት የሚነዳ፣ ምግብ የሚያደርስ፣ በቤቷ ሕፃናት የምትጠብቅ፣ ጸጉር የምትሠራ፣ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍል፣ ማታ ማታ ቢሮ የሚያጸዳ፤ አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ሁሉ በአይአርኤስ (በፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) ዓይን የንግድ ባለቤቶች ናቸው። የሚከተሉት መልሶች የተዘጋጁት ለእነሱ ነው። ቁጥሮቹ በ2026 ፋይል የሚደረገውን የ2025 የታክስ ዓመት ይመለከታሉ፤ ሌላ ዓመት ከሆነ በቦታው ተጠቅሷል። የክፍለ ግዛት ምሳሌ ባስፈለገበት ቦታ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ወስደናል።

ቀን ቀን ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ኡበር እነዳለሁ። እኔም በራሱ የሚሠራ ልባል?

አዎ። መለያው ሰዓቱ ሳይሆን ክፍያው የሚመጣበት መንገድ ነው። ቀጣሪዎ ታክስ ቆርጦ በዓመቱ መጨረሻ ደብልዩ-2 የሚሰጥዎት ከሆነ ለዚያ ሥራ ተቀጣሪ ነዎት። ገንዘቡ ምንም ሳይቆረጥበት እጅዎ የሚገባ ከሆነ ለዚያኛው ሥራ ነጋዴ ነዎት። ሁለቱም 1040 በሚባለው አንድ የዓመት የታክስ ፎርም ላይ አብረው ይገባሉ፤ የንግዱ ክፍል ስኬጁል ሲ በሚባለው ገጽ ላይ ይሞላል። ከንግዱ የተገኘው የተጣራ ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ፣ ሌላ ገቢ ባይኖርዎትም እንኳ ፋይል የማድረግ ግዴታ አለብዎት።

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አለኝ። ኢአይኤን የሚባለውን የንግድ የታክስ ቁጥርም ማውጣት አለብኝ?

ብቻዎን ለሚሠሩት ሥራ የግድ አይደለም። በሶሻል ቁጥርዎ ብቻ ስኬጁል ሲ መሙላት፣ ታክስ መክፈልና የንግድ ወጪ ማስያዝ ይችላሉ። ኢአይኤን የግድ የሚሆነው ሠራተኛ ሲቀጥሩ፣ ከሌላ ሰው ጋር በሽርክና ሲሠሩ ወይም ኮርፖሬሽን ሲያቋቁሙ ነው። ባንኮችም የንግድ ሒሳብ ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ።

ግዴታ ባይሆንም እንዲያወጡት እንመክራለን። የሚያጸዱላቸው ቢሮዎች ወይም እንጀራ የሚያስረክቧቸው ሱቆች ሁሉ የታክስ ቁጥርዎን ይጠይቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ሶሻል ቁጥርዎን ከመበተን ኢአይኤን መስጠት ይሻላል።

ማውጫው ነፃ ነው። በአይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ሲያመለክቱ ቁጥሩ እዚያው ይሰጥዎታል። ያለ ኢንተርኔት ማመልከት ለሚፈልግ ኤስኤስ-4 የሚባል ፎርም አለ። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ ከላይ የሚመጡልዎት አንዳንድ ድርጅቶች ለዚሁ ሥራ ገንዘብ ያስከፍላሉ፤ ስለዚህ የሚሞሉበት አድራሻ በእርግጥ የመንግሥት መሆኑን ያረጋግጡ። ማመልከቻው በአንድ መቀመጫ ማለቅ አለበት፤ ለ15 ደቂቃ ሳይነኩት ከቆዩ ይዘጋና እንደገና ይጀምራሉ። መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ሲፒ 575 የተባለ ደብዳቤ አትመውም፣ በስልክዎ ላይም ያስቀምጡ። ከጠፋብዎት አይአርኤስ ምትኩን 147ሲ የሚባል ደብዳቤ ይሰጣል እንጂ የመጀመሪያውን ደግሞ አያወጣም። ብዙ ሰው ደብዳቤው ሲጠፋበት ሌላ ኢአይኤን ያወጣል፤ ይህ ገቢዎን በሁለት ቁጥር ከፋፍሎ በኋላ የማይዛመድ ሪፖርት ይፈጥራል።

ሶሻል ቁጥር የለኝም። በምን ፋይል ላድርግ?

ሶሻል ቁጥር የማግኘት መብት ለሌለው ነገር ግን ታክስ የማሳወቅ ግዴታ ላለበት ሰው የተዘጋጀው ቁጥር አይቲአይኤን ይባላል። ዘጠኝ አኃዝ ያለው ሆኖ በ9 ይጀምራል። የሚጠየቀው በደብልዩ-7 ፎርም ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ከዚያ ዓመት የታክስ ፎርሙ ጋር አያይዞ ያስገባዋል። ማንነትንና የውጭ ዜግነትን ለብቻው የሚያረጋግጠው አንድ ሰነድ ፓስፖርት ነው። ዋናውን በፖስታ መላክ ካስፈራዎት (ሊያስፈራም ይገባል) በአይአርኤስ ዕውቅና ያለው አረጋጋጭ ወኪል ዘንድ ወይም በቀጠሮ በአይአርኤስ ቢሮ አሳይተው ወዲያው መልሰው መያዝ ይችላሉ። በኖተሪ የተረጋገጠ ኮፒ ተቀባይነት የለውም፤ ብዙ ማመልከቻ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። መልሱ ወደ 7 ሳምንት ይፈጃል፤ ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ባለው ጊዜ እስከ 11 ሳምንት ሊደርስ ይችላል።

ቁጥሩን ለተከታታይ ሦስት ዓመት በታክስ ፎርም ላይ ካልተጠቀሙበት አገልግሎቱ ያበቃል፤ ማደስ ያስፈልጋል። አይቲአይኤን የሥራ ፈቃድ አይሆንም። ጥገኝነት ጠይቀው የሥራ ፈቃድ ሲያገኙ ሶሻል ቁጥር ይወጣልዎታል፤ የሥራ ፈቃድ ማመልከቻው ላይ ቁጥሩን አብሮ መጠየቂያ ክፍል አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይቲአይኤኑን መጠቀም ያቁሙና በአሮጌው ቁጥር ያስገቡት ሁሉ ወደ ሶሻል ቁጥርዎ እንዲዛወር ለአይአርኤስ በደብዳቤ ያሳውቁ። ካላሳወቁ የከፈሉት ታክስ በአሮጌው ቁጥር ስር ተቀብሮ ይቀራል።

የምሠራለት ድርጅት ደብልዩ-9 ሙላ አለኝ። ምንድን ነው?

ለአይአርኤስ የሚላክ አይደለም፤ ለከፋዩ ድርጅት ስምዎንና የታክስ ቁጥርዎን የሚሰጡበት ወረቀት ነው። ስህተት የሚበዛው የስም መስመሩ ላይ ነው። በመጀመሪያው መስመር የሚጻፈው የእርስዎ ስም ነው፤ የንግዱ ስም በሁለተኛው መስመር ይገባል። የአንድ ሰው ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ቢኖርዎትም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የባለቤቱ ስም፣ ቁጥሩም የባለቤቱ ሶሻል ወይም በባለቤቱ ስም የወጣ ኢአይኤን ይሆናል። ስሙና ቁጥሩ ካልተዛመዱ ወይም ቁጥር ካልሰጡ፣ ከፋዩ ከእያንዳንዱ ክፍያ 24 በመቶ ቆርጦ ለአይአርኤስ እንዲያስገባ ሊገደድ ይችላል። በኢትዮጵያ አሰያየም የአባትን ስም አንድ ቦታ ላይ የመሐል ስም፣ ሌላ ቦታ ላይ የቤተሰብ ስም አድርጎ መጻፍ የተለመደ ነው። ሁልጊዜ በሶሻል ካርዱ ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደሉም ሳይለወጥ ይጻፉ።

1099 አልደረሰኝም፤ ወይም በጥሬ ገንዘብ ነው የተከፈለኝ። ማሳወቅ አለብኝ?

አለብዎት። 1099 ከፋዩ የከፈለዎትን ለአይአርኤስ ለማሳወቅ የሚያወጣው ሪፖርት ነው፤ የእርስዎ ግዴታ ከእሱ ጋር አልተያያዘም። ይህን ማስረገጥ የምንፈልገው ወሰኖቹ በቅርቡ ስለተለወጡና ለውጡ በየሻይ ቤቱ «ከዚህ በታች ታክስ የለም» ተብሎ ስለሚወራ ነው። ለ2025 ክፍያዎች 1099-ኤንኢሲ የሚወጣው ከ600 ዶላር ጀምሮ ነው፤ ከ2026 ክፍያዎች ጀምሮ ወሰኑ 2,000 ዶላር ሆኗል። ኡበርን የመሰሉ መድረኮች የሚያወጡት 1099-ኬ ደግሞ በፌዴራል ደረጃ ከ20,000 ዶላርና ከ200 ግብይት በላይ ወደሚለው የቀድሞ ወሰን ተመልሷል፤ እንደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ግዛቶች ግን የራሳቸው ዝቅተኛ ወሰን አላቸው። ከእነዚህ ወሰኖች በታች የሆነ ገቢም ታክስ ይከፈልበታል። ልዩነቱ ወረቀቱ መምጣቱና አለመምጣቱ ብቻ ነው።

በጥሬ ገንዘብ ወይም በዜል ለሚከፈል ሰው ቀላሉ መንገድ ገቢውን ሁሉ በአንድ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ማስገባትና ቀኑን፣ የደንበኛውን ስምና መጠኑን በደብተር መያዝ ነው። የቤት አስቤዛና የንግድ ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ከተደባለቀ፣ ጥያቄ ሲመጣ ከወንድም የተላከው ገንዘብ ሁሉ ገቢ እንዳልሆነ የማስረዳት ሸክሙ እርስዎ ላይ ይወድቃል። ዕቁብም እዚህ ላይ ይነሳል። በየወሩ የጣሉት ገንዘብ ተሰብስቦ ሲደርስዎት የራስዎ ገንዘብ ነው፤ ገቢ አይደለም፤ የሚጥሉትም ወጪ ሆኖ አይቀነስም። ዳሩ ግን 20,000 ዶላር በአንድ ቀን ሒሳብዎ ሲገባ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል። የዕቁቡን የተራ ዝርዝርና የጣሉባቸውን ቀኖች ማስረጃ ያስቀምጡ።

1099-ኬ ላይ የተጻፈው ባንኬ ከገባው እጅግ ይበልጣል። ተሳስተው ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ስህተት አይደለም። 1099-ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ሙሉ ሒሳብ ነው፤ የኩባንያው ድርሻና ልዩ ልዩ ክፍያዎች ገና አልተቀነሱበትም። መሞላት ያለበት እንደዚህ ነው፦ ሙሉው ቁጥር በስኬጁል ሲ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይገባል፤ ኩባንያው የወሰደው ደግሞ ከታች የኮሚሽንና ክፍያ ወጪ ሆኖ ይቀነሳል። ዝርዝሩ ኡበርም ሊፍትም ጃንዋሪ ላይ በአካውንትዎ ውስጥ በሚያስቀምጡት የዓመት ማጠቃለያ ላይ አለ።

ሁለት ዓይነት ስህተት እናያለን። አንዱ ባንክ የገባውን ብቻ መጻፍ ነው፤ አይአርኤስ ከያዘው ቁጥር ስለሚያንስ የማስተካከያ ደብዳቤ ይመጣል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሙሉውን ጽፎ ኮሚሽኑን ሳይቀንሱ መተው፣ ማለትም እጅዎ ላልገባ ገንዘብ ታክስ መክፈል።

ከመኪና ወጪ ምን ያህል ልቀንስ እችላለሁ?

ለሾፌር ትልቁ ወጪ ይህ ነው፤ የሚጠፋውም ብዙ ገንዘብ እዚህ ነው። ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ለሥራ የነዱትን ማይል በመንግሥት ዋጋ ማባዛት ሲሆን፣ በ2025 ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ነው። ሁለተኛው እውነተኛ ወጪን፣ ማለትም ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ ጎማና የመኪናውን የእርጅና ቅናሽ ደምሮ ለሥራ የዋለውን ድርሻ ብቻ መውሰድ ነው። ቤንዚን በማይበላ መኪና ብዙ ማይል ለሚነዳ ሰው የማይሉ መንገድ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ሥራውም ያንሳል።

ምርጫው ግን በየዓመቱ እንደፈለጉ የሚገለባበጥ አይደለም። በራስዎ መኪና የማይሉን መንገድ ለመጠቀም መኪናው ሥራ በጀመረበት የመጀመሪያ ዓመት መምረጥ አለብዎት፤ ከዚያ በኋላ ወደ እውነተኛ ወጪ መሄድ ይቻላል። በሊዝ የተያዘ መኪና ላይ ማይል ከመረጡ እስከ ሊዙ መጨረሻ በዚያው ይቀጥላሉ። በሳምንት ክፍያ መኪና ተከራይተው የሚነዱ ከሆነ የሚቀንሱት ኪራዩንና ቤንዚኑን ነው።

ማይሉን የመረጠ ሰው ቤንዚንና ዘይት ለብቻው ደግሞ መቀነስ አይችልም፤ በ70 ሳንቲሙ ውስጥ ተካትቷል። ከማይሉ በተጨማሪ የሚቀነሱት ለሥራ የከፈሉት የመንገድ ክፍያ (ቶል)፣ ለሥራ ያቆሙበት የፓርኪንግ ክፍያ፣ የመኪናው ብድር ወለድ ለሥራ የዋለው ድርሻና በየዓመቱ የሚከፈለው የመኪና ንብረት ታክስ ለሥራ የዋለው ድርሻ ናቸው። የትራፊክ ቅጣት በማንኛውም መንገድ አይቀነስም። በነገራችን ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ መኪናው ከግማሽ በላይ ለንግድ ከዋለ የመኪና ታክስ ቅናሹ አይመለከተውም፤ ካውንቲው ሲጠይቅ እውነቱን ይናገሩ።

የትኛው ማይል ይቆጠራል? አፑን ከፍተው ጥሪ ሲጠብቁ የነዱት፣ ተሳፋሪ ለማንሳት የሄዱበትና ተሳፋሪ ይዘው የነዱት ይቆጠራል። አፑን ዘግተው ከቤት ወደሚሠሩበት አካባቢ መሄድና ሲጨርሱ ወደ ቤት መመለስ በአይአርኤስ ዘንድ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ወደ ሥራ መሄድ ነው፤ አይቆጠርም።

መዝገቡ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሄዱበትን ምክንያትና ማይሉን መያዝ አለበት። በስልክ አፕ ወይም በደብተር ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር በዕለቱ መጻፉ ነው። ጃንዋሪ 1 እና ዲሴምበር 31 ላይ የመኪናውን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ (እዚህ በማይል የሚቆጥረውን) ፎቶ ያንሱ። ኤፕሪል ላይ ከአእምሮ የተጻፈ «30,000» የሚል ክብ ቁጥር ኦዲት ላይ አይቆምም፤ መርማሪው ዘይት ሲቀየር ሜካኒኩ ደረሰኝ ላይ ከጻፈው ማይል ጋር ያስተያየዋል።

ለመሆኑ ምን ያህል ነው የምከፍለው?

ሁለት የተለያዩ ታክሶች አሉ፤ አስደንጋጩ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሁሉም ሰው የሚከፍለው የገቢ ታክስ ነው። ሁለተኛው ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ የሚባለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ ሲሆን 15.3 በመቶ ነው። ተቀጣሪ ግማሹን ራሱ፣ ግማሹን ቀጣሪው ይከፍላል፤ በራስዎ ሲሠሩ ሁለቱንም ወገን እርስዎ ነዎት። የሚሰላው በተጣራው ትርፍ 92.35 በመቶ ላይ ነው።

በምሳሌ እንየው። ያላገባ፣ ሌላ ገቢና ጥገኛ የሌለው ሾፌር በ2025፦ 1099-ኬ ላይ 68,000 ዶላር አለው። ኩባንያው የወሰደው 18,500 ነው። 32,000 የሥራ ማይል በ70 ሳንቲም 22,400 ይሆናል። ቶል፣ ፓርኪንግና የስልክ የሥራ ድርሻ 1,100። የተጣራ ትርፉ 26,000 ዶላር ነው። ሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ 3,674 ዶላር ይመጣል። ለገቢ ታክስ ደግሞ የዚህ ግማሽ፣ ከዚያ የ15,750 ዶላር መደበኛ ቅናሽ፣ ከዚያም ለንግድ ገቢ የተፈቀደው የ20 በመቶ ቅናሽ ሲቀነሱ ታክስ የሚከፈልበት 6,730 ዶላር ብቻ ይቀራል፤ ታክሱም 673 ዶላር ነው። በጠቅላላው ለፌዴራል 4,347 ዶላር። ከዚህ ውስጥ አምስት ስድስተኛ የሚጠጋው የመዋጮው ታክስ ነው፤ መደበኛው ቅናሽ እሱን አይነካውም።

ይህ ሾፌር የማይል መዝገብ ባይኖረውና 22,400ው ቢሰረዝበት፣ በመዋጮው ታክስ ብቻ 3,165 ዶላር ይጨመርበታል።

ከ2025 እስከ 2028 ድረስ ለቲፕ የተፈቀደ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቅናሽም አለ፤ ሾፌሮችን ይጨምራል። የሚቀንሰው የገቢ ታክሱን ብቻ ነው፤ 15.3 በመቶው በቲፕ ላይም ይከፈላል። ለመጠቀም ለሥራ የሚያገለግል ሶሻል ቁጥር ያስፈልጋል፤ ያገቡ ከሆነ ከባለቤትዎ ጋር በአንድነት ፋይል ማድረግ አለብዎት።

እስከ ኤፕሪል ጠብቄ በአንድ ጊዜ ብከፍል ምን ችግር አለው?

ከደመወዝ የተቆረጠው ተቀንሶ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የፌዴራል ዕዳ ይቀርብኛል ብለው ከጠበቁ በየሩብ ዓመቱ መክፈል ይጠበቅብዎታል፤ ካልከፈሉ ወለድ የሚመስል ቅጣት ይታሰባል። ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና የሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 15 ናቸው። ሩብ ዓመት ይባሉ እንጂ እኩል አይራራቁም፤ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ሁለት ወር ብቻ ስለሆነ ጁን ብዙ ሰው ያመልጠዋል። ቨርጂኒያ የመጀመሪያውን ክፍያ የምትቀበለው እስከ ሜይ 1 ነው።

ስንት ልክፈል ለሚለው የሚያስተማምነው መልስ፦ ያለፈውን ዓመት ጠቅላላ ታክስ ለአራት ከፍለው በየጊዜው ካስገቡ፣ ዘንድሮ እጥፍ ቢያተርፉ እንኳ ቅጣት የለብዎትም፤ ቀሪውን ኤፕሪል ላይ ይከፍላሉ። ያለፈው ዓመት ገቢዎ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ 110 በመቶውን ይክፈሉ። ሲከፍሉ በአይአርኤስ ድረ ገጽ ዳይሬክት ፔይ በሚባለው መንገድ በቀጥታ ከባንክ ይክፈሉ፤ የታክስ ዓመቱንና 1040-ኢኤስ የሚለውን ምርጫ ሳይሳሳቱ ይሙሉ። ዓመቱን የተሳሳተ ክፍያ ወደ ሌላ ዓመት ይገባና የዘንድሮው እንዳልተከፈለ ይቆጠራል።

እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ደብልዩ-2 ሥራ ካላችሁ ደግሞ ሌላ ቀላል መንገድ አለ። ቀጣሪው ከደመወዝ ላይ ተጨማሪ እንዲቆርጥ በደብልዩ-4 ይጠይቁ። ከደመወዝ የተቆረጠ ታክስ በዓመቱ መጨረሻ ቢቆረጥም ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደተከፈለ ይቆጠራል፤ ጁንን የረሳ ሰው ኖቬምበር ላይ እንኳ ሊያስተካክለው ይችላል።

የግዛቱን ታክስ አይርሱ። ሜሪላንድ ላይ የካውንቲ ድርሻም ይታከላል፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 3.2 በመቶ ነው። ዲሲ ውስጥ ጠቅላላ የንግድ ገቢው ከ12,000 ዶላር በላይ የሆነ ሰው ዲ-30 የሚባል የተለየ ፎርም ሊመለከተው ይችላል፤ ከ80 በመቶ በላይ ገቢው ከራሱ ጉልበትና ሙያ የመጣና ካፒታል ወሳኝ ያልሆነበት ሰው ግን ነፃ ነው።

ኤልኤልሲ ባወጣ ታክሴ ይቀንሳል?

አይቀንስም። የአንድ ሰው ኤልኤልሲ በአይአርኤስ ዘንድ ከባለቤቱ ተለይቶ አይታይም፤ ያው ስኬጁል ሲ ነው፤ ያው 15.3 በመቶ ነው። ጥቅሙ በንግዱ ዕዳና ክስ የግል ንብረትን መከላከል ነው፤ ለዚያም ሒሳቡን ከግል ሒሳብ መለየት ያስፈልጋል። ኤልኤልሲ ካቋቋሙ በኋላ «የባለቤትነት ሪፖርት አላስገቡም፤ ይህን ያህል ይክፈሉ» የሚል ደብዳቤ ሊደርስዎት ይችላል። ከማርች 2025 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተቋቋሙ ድርጅቶች ከዚያ ሪፖርት ነፃ ስለሆኑ አይክፈሉ።

በቤቴ ሕፃናት እጠብቃለሁ። ከቤት ኪራዩ ምን ያህል እቀንሳለሁ?

ለሌላ ሥራ የቤት ወጪ ለመቀነስ ክፍሉ ለሥራ ብቻ መዋል አለበት። ፈቃድ ላላቸው፣ ላመለከቱ ወይም በግዛቱ ሕግ ከፈቃድ ነፃ ለሆኑ የሕፃናት ጠባቂዎች ግን ይህ አይጠየቅም፤ ቀን ሕፃናት የሚውሉበት ሳሎን ማታ የቤተሰቡ ሳሎን ቢሆንም ይቆጠራል። በምትኩ ቦታውና ሰዓቱ ተባዝቶ ይሰላል። ቤቱ 1,500 ካሬ ጫማ ሆኖ 900ው አዘውትሮ ለሥራው የሚውል ከሆነ 60 በመቶ ነው። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 11 ሰዓት፣ ለ50 ሳምንት 2,750 ሰዓት ይሆናል፤ ምግብ ለማሰናዳትና ለማጽዳት በቀን 1 ሰዓት ሲጨመር 3,000 ይደርሳል። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ስላለው 34.2 በመቶ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 20.5 በመቶ ይመጣሉ። የዓመት ኪራዩ 24,000 ዶላር ከሆነ ወደ 4,930 ዶላር ይቀነሳል፤ መብራትና ውኃም በዚሁ ልክ። ፎርሙ 8829 ነው። ብዙዎቹ እናቶች የማሰናጃና የጽዳት ሰዓቱን ሳይቆጥሩ ይቀራሉ፤ ሥራ ነውና ይቆጠራል፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉት።

አዲስ አበባ ያሉ እናትና አባቴን እኔ ነኝ የማስተዳድራቸው። ጥገኛ አድርጌ ልጻፋቸው?

አይቻልም። ጥገኛ ለመባል የአሜሪካ ዜጋ ወይም የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ የሚኖሩ ወላጆች፣ ምንም ያህል ቢላክላቸው፣ አይገቡም፤ የተላከው ገንዘብም ከገቢ አይቀነስም። ያማል፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው፤ «እኔ አስገባልሃለሁ» የሚል አዘጋጅ በእርስዎ ስም ሐሰት እየጻፈ ነው።

በሌላ በኩል አገር ቤት ያለዎት ቤት ከተከራየ፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሆኑ ኪራዩ እዚህ ይታወቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ የከፈሉት የገቢ ግብር እዚህ ካለብዎት ላይ ሊታሰብልዎት ስለሚችል ደረሰኙን ይያዙ። በውጭ አገር ባንኮች ያለዎት ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባል ሪፖርት ለብቻው ይገባል። ታክስ አያስከፍልም፤ አለማስገባቱ ግን ከባድ ቅጣት አለው።

ወጪዬን በሙሉ ብቀንስ በኋላ የሚጎዳኝ ነገር አለ?

የስኬጁል ሲ የመጨረሻ ቁጥር፣ መስመር 31፣ ከታክስ ቢሮ ውጭም ይከተልዎታል። ባለቤትዎን ከኢትዮጵያ ለማምጣት በአይ-864 ዋስ ሲሆኑ የሚታየው የተጣራው ገቢ ነው። በ2025 መመዘኛ ለሁለት ሰው ቤተሰብ የሚጠየቀው 26,437 ዶላር ነበር። ከላይ በምሳሌ ያየነው ሾፌር 68,000 ዶላር ገብቶለት፣ በ26,000 የተጣራ ትርፍ አይሞላለትም፤ ተጨማሪ ዋስ ወይም በቂ ንብረት ማቅረብ አለበት። ቤት ለመግዛት ብድር ሲጠይቁም ባንኮች በተለምዶ የሁለት ዓመት ፎርም ያያሉ፤ የእርጅና ቅናሹን መልሰው ሊደምሩ ይችላሉ፤ ቤንዚንና ኮሚሽን ግን አይመለስም። ጡረታውም እንዲሁ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ሲሆን በ2025 ለአራቱ 7,240 ዶላር የተጣራ ገቢ ማስመዝገብ ይጠይቃል። ዓመት በዓመት ትርፉን ወደ ዜሮ ያወረደ ሰው ለጡረታውም ሳያስመዘግብ ቀርቷል።

መፍትሔው ቁጥሩን መጫወት አይደለም። ያልወጣ ወጪ መጻፍ ሐሰት ነው፤ በተለይ ኢአይቲሲ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች የሚሰጥ የታክስ ድጎማ) ለሚጠይቅ ሰው የወጣ ወጪን ደብቆ ትርፍን ማሳበጥም የተከለከለ ነው። እውነተኛውን ቁጥር ቀደም ብለው ይወቁት፤ ዋስ ለመሆን ካሰቡ ከአንድ ዓመት በፊት የት እንደሚደርሱ ያስሉ።

ለዓመታት ፋይል አላደረግሁም፤ የምከፍልበት ገንዘብም የለኝም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ፋይል ያድርጉ። ዕዳ እያለ በቀኑ ያልገባ ፎርም በወር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል፤ ገብቶ ያልተከፈለ ግን በወር ግማሽ በመቶ ብቻ ነው። በ4868 ፎርም የሚገኘው እስከ ኦክቶበር 15 ያለው ጊዜም ለማስገባት እንጂ ለመክፈል አይደለም። ዕዳው እስከ 50,000 ዶላር ከሆነ በአይአርኤስ ድረ ገጽ በወር የሚከፈል ስምምነት ራስዎ መጠየቅ ይችላሉ። የቆዩ 1099ዎች ከጠፉብዎት በአይአርኤስ አካውንትዎ ውስጥ ስለ እርስዎ የተላኩ ገቢዎች ዝርዝር ይገኛል፤ ሥራውን ከዚያ ይጀምሩ። ፋይል ላልተደረገ ዓመት አይአርኤስ የሚጠይቅበት ጊዜ አያልቅም። ዜግነት ሲያመለክቱም የታክስ ጥያቄ አለ፤ በስምምነት እየከፈሉ መሆኑን ማሳየት ምንም ካለማስገባት በእጅጉ ይሻላል።

ታክስ የሚሠራልኝን ሰው በምን ልመን?

ስሙንና ፒቲን የተባለውን የታክስ አዘጋጅነት ቁጥሩን ፎርሙ ላይ ጽፎ የሚፈርም መሆን አለበት። ገንዘብ ተቀብሎ «ራስህ እንደሠራኸው ሆኖ ይገባል» ካለዎት ይውጡ። ክፍያውን በሪፈንዱ በመቶኛ የሚያስብ፣ ሪፈንዱን ወደ ራሱ ሒሳብ የሚያስገባ፣ ወረቀትዎን ሳያይ «ከጎረቤትህ የበለጠ አወጣልሃለሁ» የሚል፣ እነዚህ ሁሉ ሊያስጠነቅቁዎት ይገባል። የከፋው ኢአይቲሲ ለማስገኘት የሌለ ንግድ ፈጥሮ የሚጽፍ ነው። ሲታወቅ ገንዘቡን የሚመልሱት እርስዎ ነዎት፤ በግዴለሽነት ከሆነ ለ2 ዓመት፣ በማጭበርበር ከሆነ ለ10 ዓመት ከዚያ ጥቅም ይታገዳሉ። ከመፈረምዎ በፊት መስመር 1ን፣ መስመር 31ንና የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን በዓይንዎ ይዩ፤ ኮፒውንም ይዘው ይውጡ።

ደረሰኞቹን እስከ መቼ ላስቀምጥ?

በጥቅሉ ፋይል ካደረጉበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት። ከሩብ በላይ ገቢ ሳይገለጽ ከቀረ አይአርኤስ 6 ዓመት ወደኋላ ሊሄድ ስለሚችል እስከዚያ ማቆየት ይሻላል። የመኪናውን የግዢ ወረቀት መኪናው ከተሸጠ በኋላም ለ3 ዓመት፣ የገቡ ፎርሞችን ኮፒ ደግሞ ለዘለቄታው ያስቀምጡ። የወረቀት ደረሰኝ ቀለሙ በወራት ውስጥ ይለቃል፤ በዕለቱ ፎቶ ያንሱት፤ ለአይአርኤስ ግልጽ የሆነ ፎቶ በቂ ነው።